ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ አበልጄ ግን አያውቅም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአበልጄ ጋር በሽርክና ሞተር ጀልባ ገዝተን ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እናመላልሳለን። ጀልባዋ ላይ የምውለው እኔ ነኝ። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ገቢውን የሚያውቀው እኔ በነገርኩት ልክ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ድርሻ እየሸረፍኩ ለራሴ አስቀረሁ። ስገምተው 200 ሺህ ብር ይደርሳል። ቤቴን የጨረስኩት በዚያ ነው። በዐቢይ ጾም ልቤ ተነካና ለንስሐ አባቴ «በገንዘብ ሰው በድያለሁ» ብዬ ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጡኝ። ጾሙንም ስግደቱንም ስጨርስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ከዚያው ገንዘብም ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ገዝቼ አስገባሁ። አበልጄ ግን እስከ ዛሬ ምንም አያውቅም። ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አሁን መንገር አለብኝ? መንገደኛ ይዤ ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሄድኩ ቁጥር የበላዔ ሰብእን ሥዕል አያለሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው በጥርኝ ውኃ ከተማረ እኔ ምን ያስጨንቀኛል እላለሁ። ግን ሰላም የለኝም። መቁረብም ፈርቻለሁ። ሚስቴም አታውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባጭሩ፣ አዎ፣ መንገር አለብህ። ገንዘቡንም መመለስ አለብህ። ለምን እንደሆነ ግን እንነጋገር።

ከበላዔ ሰብእ ልጀምር፣ አንተው አንስተኸዋልና። በተአምረ ማርያም እንደምንሰማው፣ አንድ የተጠማ ድውይ ውኃ እንዲሰጠው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በላዔ ሰብእም እምቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆመዋል። ሰውየው ግን ውኃውን ሰጥቶ ወደ ለመደው ሥራ አልሄደም። ልቡ ተሰብሮ እያለቀሰ ነው የሞተው። ደግሞ አንድ ነገር አስብ። የበላቸው ሰዎች የሉም። ቢፈልግ እንኳ እግሩ ሥር የሚወድቅለት ሰው አላገኘም። በእጁ የቀረው እንባው ብቻ ነበር፣ እሱን ይዞ ቀረበ። ያንተ አበልጅ ግን በሕይወት አለ፤ ምናልባት ዛሬ ማታ ስለ ጀልባዋ ይደውልልህ ይሆናል። በሥዕሉ ከተጽናናህ መልካም፣ ግን አትደበቅበት።

ወደ ኑዛዜህ ልምጣ። ጌታ ለሐዋርያቱ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሏቸዋል፤ ዮሐንስ 20፥23 ላይ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ካህኑ «ይፍታህ» ሲሉህ በጌታ ሥልጣን ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጥያቄህን ሳነብ አንድ ነገር ዐይኔን ያዘው። «በገንዘብ ሰው በድያለሁ» ነው ያልካቸው። ማንን? ስንት? ገንዘቡ አሁን የት ነው? አልነገርካቸውም። እሳቸውም ቀኖና የሰጡህ በሰሙት ልክ ነው። እንዲህ ዓይነት ኑዛዜ በጣም የተለመደ ነው። ኃጢአቱን በጅምላ እንናገርና ዝርዝሩን በሆዳችን እንይዘዋለን። ከዚያ ሰላም አጣሁ እንላለን። እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራህ ወደ ንስሐ አባትህ ተመልሰህ ነገሩን እንደ ሆነ መንገር ነው። እኔ የንስሐ አባትህ አይደለሁም፤ ከዚህ ሆኜ ቀኖና ልሰጥህ አልችልም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በየዓመቱ የነነዌን ሦስት ቀን እንጾማለን። የነነዌ ንጉሥ ያወጀውን አዋጅ ግን በደንብ የሚያነበው ጥቂት ነው። ማቅ ልበሱ፣ ጹሙ ብሎ አላበቃም፤ ሰው ሁሉ «በእጃቸው ካለው ግፍ ይመለሱ» ይላል። ግፉ እጅ ላይ እያለ ሆድ ቢጾም ምን ይረባል? ያንተ ግፍ ደግሞ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሆኖ ቆሟል።

ቀራጩን ዘኬዎስን ታውቀዋለህ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ማንም ሳይጠይቀው «በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለውም ያኔ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ደግሞ ባልንጀራውን ያታለለ ሰው ዋናውን፣ አምስተኛ እጁን ጨምሮበት፣ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የበደል መሥዋዕቱን ወደ ካህኑ ያመጣል። ባለ ገንዘቡና መሠዊያው አንድ ላይ ነው የተጠቀሱት። ባንተ ሒሳብ 200 ሺህ ከ40 ሺህ ጋር መሆኑ ነው። ይህን እንደ ግዴታ አልጭንብህም፤ ልኩን ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር። ግን ገንዘቡ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተን ሲጠቅም እሱን ጎድቶታልና አምስተኛዋ እኔ ሳስባት አትበዛም።

መጋረጃውን ሳላነሳ ብቀር ደስ አይለኝም። ይቅርታ አድርግልኝና፣ ያስገባኸው አንተ አይደለህም፣ አበልጅህ ነው፤ ሳያውቅ። መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያመሳስለዋል። ከባድ ቃል ነው። አበልጅህ ድሃ ላይሆን ይችላል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። መጋረጃው ካለበት አይነሳ። ዋጋውን ግን ከዕዳህ ላይ እንዳትቀንስ።

እንዴት ልንገረው ትል ይሆናል። ሰዎች «ቀስ ብዬ በየወሩ ድርሻው ላይ ብጨምርለትስ?» ይሉኛል። የበደሉትን ሰው ጨርሰው ለማያውቁት፣ ወይም ነገሩ ቢወጣ ደም ለሚያፋስስበት አባቶች ሌላ መንገድ ያበጁለታል። አንተ ግን ሽሪክ ነህ። ነገ ጀልባዋ ብትሸጥ በምን ሒሳብ ትካፈላላችሁ? እሱ በውሸት ቁጥር ላይ ሆኖ እየወሰነ ነው። እውነቱ ይገባዋል። ብቻህን መሄድ ከከበደህ በእኛ አገር ደንብ ሁለት ሽማግሌ ያዝ፤ ንስሐ አባትህም ከፈቀድክላቸው ይምጡ። የሰሙትን ኑዛዜ አያወጡትም፣ ተናጋሪው አንተ ነህ። ድንጋይ ተሸክሞ መግባት የሚያሳፍር ከመሰለህ፣ አባቶቻችን ከዚህ ለባሰ ነገር ተሸክመውት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተብለው ወጥተዋል። «ቸግሮኝ ነው፣ አንተም ብትሆን…» የሚል ነገር ግን ከአፍህ እንዳይወጣ። በአንዴ መክፈል ካልቻልክ በሽማግሌ ፊት ቀን ቁረጥና በየወሩ ክፈል።

ይቅር ባይለኝስ? ትል ይሆናል። ሊሆን ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክርስቲያን ነውና ይቅር እንዲል ይጠበቅበታል፤ ጌታ ለጴጥሮስ ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎታል። ይህን ጥቅስ እሱ ላይ የምትጠቅሰው ግን አንተ አይደለህም። ለሌላ ሰባኪ ተወው። ሐዋርያው ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። በአንተ በኩል ያለውን ጨርሰህ እሱ ቢያኮርፍ፣ ሽርክናውን ቢያፈርስም፣ የእግዚአብሔር ምሕረት በእሱ ኩርፊያ አይታገድም። ጊዜ ስጠው። ልጅህም የክርስትና አባቱን መጠየቁን አይተው።

ሰላም ማጣትህ ላይ ትንሽ ልጨምር። ይሁዳ 30 ብሩን መልሷል። «በድያለሁ» ብሎም ተናግሯል። ገንዘብ መመለስ ብቻውን ንስሐ ቢሆን ኖሮ ይሁዳ በዳነ ነበር። የጎደለው ጌታ ይቀበለኛል የሚለው ተስፋ ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፣ ግን ከወንድሞቹ አልተለየም። በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ስለዚህ ገንዘቡን የምትመልሰው ምሕረት ለመግዛት አይደለም፤ ምሕረት የተደረገለት ሰው የሰው ገንዘብ ይዞ መቀመጥ ስለማያስችለው ነው። አሁን የሚጎረብጥህን ነገር ሰይጣን ነው ብለህ በጸበል ልታባርረው አትሞክር። ሕሊናህ ነው፤ ደግ አድርጓል።

መቁረብን በተመለከተ፣ መባህን ለማቅረብ ስትመጣ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከእሱ ጋር ታረቅ ይላል ወንጌሉ። ለአበልጅህ ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ እስኪያልቅ ትቆያለህ ማለት ግን አይደለም። ነግረኸው፣ መክፈል ጀምረህ፣ ንስሐ አባትህ «ቅረብ» ካሉህ ቅረብ።

ሚስትህ ከአበልጅህ በፊት ትስማ። ቤቱ የእሷም ነው፤ ብሩ ሲወጣ የምትቸገረውም እሷ ናት። በሽማግሌ ፊት ስትሰማው ድርብ በደል ይሆንብሃል። ሒሳቡን ስትጽፍም ከአንተ ጋር ትሥራው፤ ያወጣችሁትን እሷ ከአንተ የተሻለ ታስታውስ ይሆናል።