የግልገል ጊቤ ዓሣና የድኩላ ሥጋ ለነፍሰ ጡር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ቅዳሜ ቅዳሜ ግልገል ጊቤ ግድብ ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል፤ ቆሮሶም አምባዛም ያመጣልናል። ጓደኞቹ ደግሞ አልፎ አልፎ የድኩላ ሥጋ ወይም ቆቅ ይልኩልናል። አማቴ «ከገበያው ሁሉ ይሄ ይሻላል፣ ብዪ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ዓሣ ለጽንስ አይሆንም ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ በዓሣው ነገር አማትዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። የዱር ሥጋውን ግን እስኪወልዱ ድረስ ቢተዉት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ዓሣ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ምግብ አይደለም። ፕሮቲኑ በቀላሉ ይፈጫል፣ ለጽንሱ አእምሮና ዓይን ዕድገት የሚጠቅመው ኦሜጋ ሦስት የተባለ ስብም አለው። ጥያቄው የትኛው ዓሣ፣ ምን ያህል፣ ከየት ውሃ የሚለው ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው ውሃ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ (አልጌ) ስለሆነ ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ሜርኩሪ፣ ማለትም የጽንስን አእምሮ የሚጎዳው መርዛማ ብረት፣ አነስተኛ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ሲተልቅ ትናንሽ ዓሦችንም ይውጣል። እነሱ ያጠራቀሙት ሁሉ ወደ እሱ ይሻገራል፣ ዕድሜው በገፋ ቁጥርም ይበዛል። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግድብ ሲሞላ በውሃው የተዋጠው አፈርና ዕፅዋት ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች በአፈሩ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ዓሣ ወደሚያጠራቅመው ዓይነት ይለውጡታል። በሌሎች አገሮች ግድቦች ይህ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት ሲቆይ ታይቷል። ስለዚህ ትልልቁን አምባዛ ለሌላው ቤተሰብ ይተዉት፤ ለእርስዎና ለልጅዎ መካከለኛ ቆሮሶ ይበቃል። (ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉ ከሆነ ይህ ጣጣ ከመነሻው የለብዎትም።)

ሜርኩሪ የሚቀመጠው በሥጋው ውስጥ ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት፣ በጨው ቢታሽ፣ ቢቀቀል አይወጣም። በስብ ውስጥ የሚጠራቀሙት ኬሚካሎች ግን ሌላ ናቸው፤ ለወባ መከላከያ ለረጅም ዓመታት በየቤቱ ሲረጭ የነበረው ዲዲቲ አንዱ ነው። እነዚህን መቀነስ ይቻላል፦ ቆዳውን ይግፈፉ፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ያለውን ስብ ይቁረጡ፣ ስቡ እንዲንጠባጠብ በፍርግርግ ላይ ይጥበሱት። ጉበቱንና ሌላውን የሆድ ዕቃ አይብሉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለነፍሰ ጡር በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም የዓሣ ሥጋ ይመከራል። 300 ግራም የሚመዝን ሙሉ ቆሮሶ ሲጠራ 100 ግራም ገደማ ሥጋ ነው የሚወጣው፤ እንግዲህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ ማለት ነው። ለልጅዎ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ያህል፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃዋል።

አሁን ለባለቤትዎ ወንድም የሚቀርቡት ጥያቄዎች። የመጀመሪያው «ከየት ነው ያጠመድከው?» ነው። ከዋናው ግድብ ከሆነ መልካም። ከአዌቱ ወንዝ ወይም ከቦዬ ረግረግ ከሆነ ግን የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት ስለሆነ ይቅርብዎት። በእሸት ቡና ማጠቢያ ወራት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በየወንዙ የሚለቀቀው የቡና እጣቢ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል። ተንሳፍፎ የተገኘ ዓሣ መቼ እንደሞተ ስለማይታወቅ አይለቀምም።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ያዝከው?» ነው፤ ይህን ብዙ ሰው መጠየቅ ያፍራል። በመንጠቆና በመረብ ከሆነ ችግር የለም። የቡና ጥላ የሆነውን የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ዘዴ በአገራችን የቆየ ነው። የብርብራው መርዝ ሲበስል አብዛኛው ይፈርሳል፤ ይሁንና ለነፍሰ ጡር አልመክረውም። እጅግ የሚያስፈራኝ ግን በብርብራው ፋንታ የተባይ ማጥፊያ ውሃ ውስጥ የሚደፋ ሰው ነው። እንዲህ የተያዘ ዓሣ ምንም ያህል ቢታጠብ አይበላም። ከበላ በኋላ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የሚያልበው፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ፣ ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ ሰዓት ሳያባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሦስተኛው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ቆየ?» ነው። በከረጢት ታስሮ በሞተር ወይም በሚኒባስ ጣራ ላይ የመጣ ዓሣ ጅማ ሲደርስ ግማሽ መንገድ ወደ መበላሸት ሄዷል። ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዓርብ ማታ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡለት። ዓሣው እንደተያዘ እዚያው ሆድ ዕቃውን ያውጣ፣ ሐሞቱን እንዳያፈነዳ ይጠንቀቅ፣ ደሙን በንጹህ ውሃ ያጥብ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ዓሣ ለአንድ ኪሎ በረዶ አድርጎ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይደርድረው። ሆድ ዕቃው ሳይወጣ የሚቆይ ዓሣ ቶሎ የሚሸተው አንጀቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ወደ ሥጋው ስለሚገባ ነው። ቤት ሲደርስ ዓይኑ የጎበጠና የጠራ፣ የጉንጩን ክዳን ከፈት ሲያደርጉ የሚታየው መተንፈሻው ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ጣትዎ ጉድጓድ ትቶ ከቀረ ይጣሉት። እግረ መንገድዎን ለአጥማጁ ይንገሩልኝ፦ ቢልሃርዚያ ዓሣ በመብላት አይመጣም፣ ባዶ እግርን ውሃ ውስጥ በመቆም ግን ይመጣል፤ ቦቲ ጫማ ያድርግ።

የዓሣ ክትፎና ለብለብ ያለ የዓሣ ዱለት እስኪወልዱ ይቅርብዎት። ሥጋው ብርሃን አስተላላፊነቱን ትቶ ነጭ ሲሆንና በሹካ ሲነኩት በቅጠል በቅጠሉ ሲላቀቅ በስሏል፤ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪ ይጠብቅ። ከመተንፈሻው አጠገብ ወይም ከቆዳው ሥር ቢጫ ትል፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ነጭ ትል ቢያዩ አይደንግጡ፤ ቆርጠው ይጣሉት፣ የቀረውን በደንብ ያብስሉ። በረዶ ትሉን ይገድለዋል ብለው ዓሣውን በጥሬው አይብሉ፤ ለዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሰባት ቀን ይፈልጋል፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ፍሪዘር ይህን አይጠብቅም።

ወደ ድኩላው እንምጣ። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ ብዬ አልፈዋለሁ። የጤናው ጉዳይ ጥይቱ ነው። እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት የተሠራ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ በዓይን በማይታይ ፍንጣሪ ይበተናል፤ ፍንጣሪው ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል። እርሳስ በእናትየው ደም በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ለጽንስና ለሕፃን አእምሮ ደግሞ ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። ለሌሎች አዋቂዎች ቢያንስ ከቁስሉ ዙሪያ አንድ ስንዝር ተቆርጦ ይጣል፣ ደም የቋጠረው በሙሉ ይውጣ። እኛ አገር ሥጋን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማሸት የተለመደ ነው፤ አሲዱ እርሳሱን ያሟሟዋልና እንዲህ ያለውን ሥጋ በሎሚ አይዘፍዝፉት። በእርሳስ ጥይት የተመታ ቆቅም ከዚህ አይለይም።

ጥሬ ወይም ለብለብ የተደረገ የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ ሲይዝ ጽንሱን ይጎዳል። ቋንጣ ማድረጉ መተማመኛ አይሆንም፤ ቋንጣውም በወጥ ውስጥ ተንተክትኮ መብሰል አለበት።

ከሁሉ በላይ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ፈጽሞ አይገፈፍ። አባ ሰንጋ ይዞት የሞተ እንስሳ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሰዋል፤ ሲበልቱት ጀርሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ይሠራል፣ ያ ዘር በተራ ምግብ ማብሰያ እሳት ይሞታል ብሎ መተማመን አይቻልም። እንዲህ ያለ እንስሳ የነካ ሰው ከቀናት በኋላ እጁ ላይ መሃሉ ጥቁር የሆነ የማያም ቁስል ቢወጣበት ያን ዕለት ሐኪም ይየው። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ስለ ልጅዎ አንድ ነገር ልጨምር። የቆሮሶን እሾህ በጣትዎ እየዳሰሱ ካላወጡ አይስጡት። ከተሰነቀረበት እንጀራ ጠቅልለው ወይም ሙዝ አጉርሰው ለመግፋት አይሞክሩ፤ እሾሁን ወደ ጉሮሮው ግድግዳ ያስገባዋል። ምግብ ያቁሙለት፣ በጣትዎም አይቆፍሩ፤ እሾሁ እንዳለ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው በሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።