ቼኩ ላይ ሁለት ፊርማ አለ

ጠያቂዋ እህታችን ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ አክሲዮን ማኅበር አምስት ዓመት ሒሳብ ስትሠራ ቆይታ አሁን ፋይናንስ ኃላፊ ሆናለች። «ሥራ አስኪያጁ ‹ውሳኔው የኔ ነው፣ አንቺ ፈርሚ› ይለኛል። ታዲያ የኔ ድርሻ ምንድን ነው? ነገር ሲበላሽስ ማን ነው የሚጠየቀው?» ብላለች።

እታለም፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሰውየው የነገረሽ ግማሹን እውነት ነው። ውሳኔው በርግጥ የእሱ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ቡሬ ላይ ተዋርጄ ስለተማርኩት ላጫውትሽ።

በቆሎና ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። እንደምታውቂው በቆሎ በኛ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ይጎርፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ገንዘብ ያለው ያን ጊዜ ይገዛል። ሥራ አስኪያጃችን ከምርት ክፍል ያደጉ ሰው ናቸው፤ ወፍጮው ሲታመም በድምፁ ያውቁታል። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ቢሮዬ ገቡ። በመስኮቱ አይሱዙዎቹ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ይታያሉ፣ መዛኙ ሹል ብረቱን ጆንያ ውስጥ እየሰካ ናሙና ያወጣል። «የዓመቱን ባንድ ጊዜ እንግዛ፣ ክረምት ላይ ይሰቀላል» አሉኝ። በዋጋው ልክ ነበሩ። እኔ ደግሞ ነጋዴዎች የሁለት ወር ዱቄት እንዳልከፈሉን፣ ባንኩ ከሒሳባችን በላይ እንድናወጣ ከፈቀደልን ብድር፣ ከኦቨርድራፍቱም፣ የቀረን ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ይከብደናል» አልኩና ፈረምኩ። በቃ፣ ያልኩት ይቺን ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፣ ባንኩ ባዶ ነው። ደመወዝ 11 ቀን ዘገየ። ከሠራተኛው 7 ከድርጅቱ 11 በመቶ የሚገባው ጡረታም አብሮ ተንጠለጠለ። እርጥብ ሳለ የተገዛው የታችኛው ድርድር ደግሞ ነቀዝ ገባበት። የሒሳብ ሶፍትዌራችንን ፒችትሪን ብትከፍቺ ግን ትርፍ ነው የሚያሳይሽ! በዱቤ የወጣው ዱቄት ሽያጭ ተብሎ ተመዝግቧል፣ በቆሎውም ንብረት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ ሥራዬ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ መዝገቡ ከታረቀ ሰላም ነው። ኃላፊ ስትሆኚ የምትጠየቂው ገና ስላልወጣው ብር ነው።

ቦርዱ ጠራን። ሰብሳቢው የቼኩን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አደረጉት፤ የእሳቸውና የኔ ፊርማ ጎን ለጎን ነው። «ተናግሬ ነበር» አልኩ። «ልጄ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ወረቀቱን አሳየን» አሉኝ። ወረቀት የለኝም። ሥራ አስኪያጁም «ይከብደናል» ማለቴን አላስታወሱም፤ አልዋሹም፣ እንዲያው የሚታወስ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ አንድ ገጽ እሠራለሁ፤ ወደፊት ያሉት 12 ሳምንታት። ከላይ ባንክ ያለው፣ ቀጥሎ የሚገባው፣ ከሥር የሚወጣው፦ እህል፣ ደመወዝ፣ ቫት፣ የብድር ክፍያ፣ መብራት። በሚገባው ላይ ራስሽን አታታልዪ። «ሰኞ እከፍላለሁ» ያለ ነጋዴ እኔ ጋ የሚጻፈው ከሰኞ ሁለት ሳምንት አሳልፎ ነው። ከዜሮ በታች የወረደውን ሳምንት በቀይ አደርገዋለሁ፣ ለሥራ አስኪያጁ አስፈርሜ እሰጣለሁ። በቀጣዩ ታኅሣሥ የካቲት ላይ ያለውን ቀይ አዩና ግማሹን ብቻ ገዙ፣ ለቀሪው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ራሳቸው ዕዳ ሰበሰቡ። ውሳኔው ያን ጊዜም የእሳቸው ነበር።

ሌላው አደረጃጀቱ ነው፣ ባጭሩ። ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ ቦርዱንና የውጭ ኦዲተሩን ይመርጣሉ፣ ቦርዱ አቅጣጫ ይሰጣል፣ ሥራ አስኪያጁ የዕለት ሥራውን ይመራል። የ1952ቱን ሕግ የተካው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነውና የአክሲዮን ማኅበር ክፍሉን አንብቢው። ባንቺ ሥር ሒሳቡና ገንዘብ አያያዙ ይኖራሉ፤ የሚመዘግበውና ብሩን የሚይዘው አንድ ሰው አይሁን። የውስጥ ኦዲት ባንቺ ሥር ከሆነ ደግሞ ራስሽ ወደ ቦርዱ ይዛወር ብለሽ ጠይቂ። ራስሽን ራስሽ መርምረሽ የሚያምንሽ የለም። በጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የትርፍ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 መታወቅ አለበት፣ ነሐሴን አትተኚበት።

የውጭ ዕቃ የምታስገቡ ከሆነም ያ ገጽ ላይ ዶላር ይግባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የመለዋወጫ ትዕዛዝ ላይ የነበርን ሰዎች ፊታችን ምን እንደመሰለ አልነግርሽም።

ፊርማውን በተመለከተ ሁለት ነገር ለይ። ያልተስማማሽበት ግን ሕጋዊ የሆነ ውሳኔ ከሆነ ስጋትሽን በቁጥር በማስታወሻ ጻፊ፣ ቅጂ ያዢ፣ ፈርሚ። ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ የሚደበቅ ቫት፣ የግል ወጪ በድርጅት ስም ከሆነ ግን አትፈርሚ፣ ማስታወሻ ብትጽፊም አያድንሽም። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አድርገው በየቼኩ የሚጣሉ ኃላፊዎችም አይቻለሁ፤ ስድስት ወር አይቆዩም።

ነገ ቢሮ ስትገቢ የሥራ መዘርዝርሽንና ለባንኩ የተጻፈውን የፈራሚዎች ደብዳቤ አውጥተሽ እዪ። ከስንት ብር በላይ ያለ ክፍያ ቦርድ እንደሚያጸድቀው ተጽፏል? የኛ ላይ አልነበረም። የ12 ሳምንቱ ቅጽ በኤክሴል አለኝ፣ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።