ሩብ ሞል ውስጥ ስንት አተም አለ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በ0.25 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ የሚገኙትን አተሞች ብዛት ለማስላት 0.25ን በአቮጋድሮ ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ባለው የቅንጣቶች ብዛት፣ 6.022 × 10²³) አባዝቼ 1.5 × 10²³ አገኘሁ። ከመልመጃው ጋር የተሰጠው መልስ ግን 4.5 × 10²³ ነው። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው? መቼ ማባዛት፣ መቼስ ማካፈል እንዳለብኝ በምን ልለይ?

መልስ፦ ማባዛትዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያገኙት የሞለኪውሎቹን እንጂ የአተሞቹን ብዛት አይደለም። ሞል እንደ ደርዘን የቆጠራ መለኪያ በመሆኑ፣ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ካልተገለጸ ብቻውን ትርጉም አይሰጥም፤ አንድ ደርዘን ጥንድ ካልሲ 12 ጥንድ ቢባልም ካልሲዎቹ ሲቆጠሩ 24 ናቸው። እያንዳንዱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል አንድ የካርቦንና ሁለት የኦክስጅን፣ በድምሩ ሦስት አተሞች ስላሉት፣ ያገኙትን ውጤት በ3 ሲያባዙት 4.5 × 10²³ ይሆናል። የተጠየቁት የኦክስጅን አተሞችን ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያባዙት በ2 ነበር። በገበታ ጨው ውስጥ ደግሞ ሞለኪውል ስለሌለ የምንቆጥረው አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አተሞች) ነው፤ አንድ ሞል ጨው አንድ ሞል የሶዲየምና አንድ ሞል የክሎራይድ አዮኖች ይዟል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ያለው በአቮጋድሮ ቁጥር መለኪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ ሞል ማለት በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶች ማለት ነው፤ ቀደም ሲል ግን ትርጉሙ በ12 ግራም ካርቦን-12 ላይ የተመሠረተ ነበር። ቁጥሩ በአንድ ሞል ውስጥ ያለውን ብዛት ስለሚገልጽ፣ ሞሉ ታውቆ ቅንጣቶቹ ሲፈለጉ ይባዛል፤ ቅንጣቶቹ ታውቀው ሞሉ ሲፈለግ ይካፈላል። ለምሳሌ 3.011 × 10²⁴ የውሃ ሞለኪውሎች ለ6.022 × 10²³ ሲካፈሉ 5 ሞል ይሆናሉ።

ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት በኬሚስትሪው ሳይሆን በካልኩሌተሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አካፋዩን በቅንፍ ውስጥ ሳያስገቡ ቁጥሮቹን በተርታ ከጻፉ፣ መሣሪያው ለ6.022 ካካፈለ በኋላ መልሶ በ10²³ ስለሚያባዛ 5 × 10⁴⁶ ሞል የሚል ውጤት ያወጣል። ይህ ወደ ቅንጣት ሲለወጥ 3 × 10⁷⁰ ገደማ ይሆናል፤ በፀሐይ ውስጥ ያሉት አተሞች በሙሉ ግን ወደ 10⁵⁷ ቢደርሱ ነው።