«ከየት ልነሳልሽ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። ደሴ ነው የተወለድኩት፤ አሁን አዲስ አበባ ልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዘፍናለሁ፤ ሠርግ ላይ ስዘፍን ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኛል። ለድምፃዊነት ሁለት ጊዜ ኦዲሽን ገብቼ ግን ሁለቱንም ወደቅሁ። በመጀመሪያው አፌ ደርቆ ግጥሙ ጠፋኝ። በሁለተኛው አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ። አንደኛው ፈታኝ ደግሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሦስተኛ አለኝ። እናቴ «ይቅርብሽ» ትለኛለች። ምን ይሉኛል?
የጦሳ ልጅ

መልስ፦ ግቢ እንጂ!

የጦሳዋ፣ እኔ ፈታኝ ሆኜ አላውቅም። ከፈታኞቹ ጎን ኪቦርድ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ነኝ። ስንቱን ልጅ እንዳጀብኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አንዷ ስትገባ መጀመሪያ የምጠይቃት «ከየት ልነሳልሽ?» ብዬ ነው፤ ከየትኛው ቶን፣ ከየትኛው የድምፅ ከፍታ ልጀምርልሽ ማለቴ ነው። አብዛኞቹ «ዝም ብለህ ጀምርልኝ» ይሉኛል። በቃ፣ ግማሹ ነገር እዚያው ተበላሸ።

የአንቺም ድምፅ የተሰነጠቀው በዚህ ይመስለኛል። ሰው ሲፈራ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ይቀራል፣ ድምፁም ሳያውቀው ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ብለሽ ከጀመርሽ አዝማቹ ጋ ስትደርሺ መሄጃ የለሽም። ስለዚህ ቤትሽ ቁጭ በይና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከከፍተኛው ቦታ ተለማመጂው። እዚያ ሳትጮኺ የምትደርሺበትን ቶን ያዢ፤ ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ክራር ወይም ኪቦርድ የሚችል ሰው ፈልገሽ ስሙን ይንገርሽ። «ትዝታ፣ ከዲ» ብላ ቅኝቱንና የሚነሳበትን ቶን ጠርታ የምትገባ ልጅ ሳይ እኔ ራሴ ተስተካክዬ እቀመጣለሁ።

«እስቲ በሌላ ቅኝት»፣ ማለትም በሌላ የድምፆች አደራደር፣ መባሉም አይቀርም። የወሎ ልጅ ሆነሽ ባቲና አምባሰል ካቃተሽ እኔም አላማልድሽም! አንቺሆዬን ግን ለማስደነቅ ብለሽ ራስሽ አትምረጪ። ከአንዱ ድምፅ እስከ ሌላው ያሉት ርቀቶች አንዴ ጠባብ አንዴ ሰፊ ስለሆኑ የፈራ ጉሮሮ በቀላሉ ከቶን ይወጣል። ካዘዙሽ ብቻ ዝፈኚው።

ስልኩን የሚነካካውን ሰውዬ ተዪው። ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ሰው ሰምቶ ምሳ ያልበላ ሰው ነው። ደግሞ ልንገርሽ፣ ፈታኝ አንቺን ለመጣል አይመጣም። ቦታ ጎድሎበታል፤ ቶሎ ሞልቶ ቤቱ መግባት ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ ለኅብረ ድምፅ ሴት ስንመርጥ፣ ካለፈችው ልጅ የተሻሉ ሁለት ነበሩ። ግን ቀጭን ድምፅ በቂ ነበረን፤ ወፍራም ድምፅ ነበር የጎደለን። እነዚያ ሁለቱ «ወደቅን» ብለው አልቅሰው ሄዱ። ማን ይንገራቸው?

ግጥም መጥፋቱ የልምምድ ጉዳይ ነው። ሠርግ ላይ የሚያጨበጭብልሽ ሰው እየጨፈረ ነው፤ አይቆጠርም። ደረጃ ሮጠሽ ውጪና ልብሽ ድው ድው እያለ ዝፈኚ። ሱቁ ሳይከፈት ባልደረቦችሽን ፊትሽ አስቀምጪና «እንዳታጨበጭቡ» በያቸው። ያኔም ከጠፋሽ አትቁሚ፣ ይቅርታም አትጠይቂ፤ በእንጉርጉሮ ቀጥዪ። እኔ ዞሬ እመጣልሻለሁ። አጃቢ ሥራው ምን ሆነና?

ለደረቀው አፍ ውኃ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ተጎንጪ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ደግሞ በደንብ ጠጪ። ዝንጅብልና ማሩን ከወደድሽው ውሰጂ። ግን የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ የድምፅ አውታርሽን አይነካውም። ይህን ስል የሚቆጡኝ ዘፋኝ ጓደኞች አሉኝ።

ማህሙድ አህመድን ታውቂዋለሽ። በ1950ዎቹ አሪዞና የሚባል ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ቀረ። «እኔ ልዝፈን» አለ፣ ዘፈነ፣ ከዚያ በኋላ ባንዱ ውስጥ ቀረ። ያን ቀን ለፈተና ልዘጋጅ የሚልበት ጊዜ አልነበረውም። ዘፈኑን ቀድሞ ይዞታል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቀኑን አትንገሪያቸው። በር ላይ ቆመው ከጠበቁሽ እየዘፈንሽ ስለ እሳቸው ፊት ታስቢያለሽ። ስትጨርሺ ሻይሽን ጠጥተሽ ወደ ሱቅሽ ሂጂ፤ ማታ ቤት ስትገቢ ትነግሪያቸዋለሽ።