ፕሮጀክቱ የማን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ጥገና ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ቃሊቲ ላለው መጋዘናችን ሲስተም የሚዘረጋ ፕሮጀክት ላይ የአስተባባሪ ረዳት ሆኜ ተመድቤያለሁ። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለፒኤምፒ (ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት) ሰርተፊኬት ላውለው?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ፒኤምፒ ዲግሪ ላለው ሰው እንኳ ፕሮጀክት የመራበትን 36 ወር ይጠይቃል፤ አንተ ገና ደጃፉ ላይ ነህ። ልምድ የማይጠይቀውን የጀማሪዎች ሰርተፊኬት፣ ካፒኤምን፣ ቆየት ብለህ ታስብበታለህ።

ይልቅ ፕሮጀክቱ የማን እንደሆነ አጣራ። «የአይሲቲ ክፍል ነው» ካሉህ ስጋት ይግባህ። ግዢ፣ ፋይናንስና ንብረት ክፍል ሲጋጩ «በዚህ እንሂድ» ብሎ የሚቆርጥ ኃላፊ ከሌለ ሲስተሙ ተገዝቶ ይቀመጣል።

እኔም ከዓመታት በፊት የንብረት ሲስተም አስተባብሬ «ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት ጽፌ ነበር። ከወር በኋላ መጋዘን ብወርድ፣ ኃላፊዋ ዕቃ የሚያወጡት እንደ ድሮው በወረቀቱ የዕቃ ማውጫ ቅጽ፣ በሞዴል 22 ነው። የሳምንቱን ወረቀት ዓርብ ከሰዓት ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣሉ። «ምነው እትዬ?» ብላቸው «ሲስተሙ ዳይሬክተሩ እስኪያጸድቁ ይጠብቃል፤ እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሾፌሩ ጎማውን አሁን ይፈልጋል» አሉኝ። በወረቀቱ ዘመን ተወካይ ይፈርም ነበር፤ እኛ በሠራነው ሲስተም ውስጥ ተወካይ የሚባል ሰው የለም። ስድስት ወር ስንሰበሰብ እኚህን ሴት የጠራ አልነበረም። እኔም አልጠራሁም።

ገንዘብ ያለውም ከዚህ አያመልጥም። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። መረጃው በደህና ተሻገረ፤ ሲስተሙ ግን ወዲያው ተንገዳገደ፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው። ሲስተሙን ከሚያንቀሳቅሱት ሁለት የዳታ ማዕከላት በጫና የተፈተነው አንዱ ብቻ ነበር። በ2022 ተቆጣጣሪዎች 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ረዳትነትህን አትናቅ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አንተ ከሆንክ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደወሰነና ቀኑን ጽፈህ በዚያው ዕለት ላክ። ሙከራው ከአንድ ክፍል እንዲጀመርም አሁኑኑ በጽሑፍ አሳስብ፤ ለምርቃቱ የክብር እንግዳ ከተጠራ በኋላ «አልደረሰም» የሚልን ሰው ማንም አይሰማውም።

ቃሊቲ ለሰፈርህ ቅርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ዋናው ቢሮ ሳትገባ መጋዘኑ ጋ ጎራ በል፤ ጠረጴዛው ላይ ምን ምን ወረቀት እንዳለ አይተህ ጻፍልኝ።