በማውስ ወይስ በፔን? ሐዋሳ ላይ የሰርግ ፎቶ ኤዲት ለምታደርገው እህቴ

እህቴ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ሐዋሳ ስቱዲዮ ውስጥ የሰርግ ፎቶ ኤዲት ታደርጊያለሽ። በማውስ ስትሠሪ ውለሽ ማታ የእጅ አንጓሽን ያምሻል። «ግራፊክስ ታብሌት ለሰዓሊ ብቻ ነው ወይስ ለኛም ይሆናል? ከሆነስ ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን?» ነው ያልሽው። (ለማያውቅ፦ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በማውስ ፈንታ በፔን የሚሠራበት ሰሌዳ ነው።) ከመለሱልሽ ግማሾቹ «ብር ማባከን ነው» ብለዋል። ፔን ይዘው እንደማያውቁ ያስታውቃል። እኔም እዚሁ ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ነው የምሠራው። ሥራችን አንድ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

ግዢ። ትንሹን ግዢ። ፔኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳትሞክሪ ግን አንድ ብር አትክፈዪ።

1. ስለ መጠን ብዙ አትጨነቂ። ሬታች ስናደርግ፣ ማለትም ቆዳና ፊት ስናጸዳ፣ ፊቱን አጉልተን ስለሆነ እጃችን የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ነው። ትልቅ ታብሌት ክንድሽን ከትከሻ ጀምሮ ያንቀሳቅሰዋል። ለሚሥል ሰው ጥሩ ነው፣ ለኛ ድካም ነው። የዋኮም ኢንቱዎስ ትንሹ መሥሪያ ቦታው 152 በ95 ሚሊ ሜትር ነው። የሁዮን ኤች 640 ፒ ደግሞ 160 በ100 ገደማ። ይበቃል። የኤክስፒ-ፔን ዴኮ 01 ወርዱ 10 ኢንች ነው። እሱ የኛ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ኪቦርዱ መሄጃ የለውም። ኪቦርድ ደግሞ ለግራ እጅሽ የግድ ነው። ታብሌት ከገዙ በኋላ ኪቦርድ የሚቀር የሚመስላቸው አሉ፤ በፍጹም።

2. ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር፣ ማለትም ፔኑ ስንት ደረጃ ግፊት እንደሚለይ የሚናገረው፣ አያታልልሽ። ዋን ባይ ዋኮም 2048 ይላል፣ ኢንቱዎስ 4096፣ ሁዮን 8192። ነጋዴው ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ ዋጋ ይጨምርብሻል። ቆዳ ስታጸጂ በ2048 እና በ8192 መካከል ያለውን ልዩነት እጅሽ አይለየውም። ዋናው ነገር ግፊት የሚባል ነገር መኖሩ ነው። ማውስ ይህ የለውም። ወይ ክሊክ አድርገሻል ወይ አላደረግሽም።

ጥር ላይ አሞራ ገደል የሚነሳውን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ፀሐይ ከላይ ናት፣ ሐይቁ ከታች ያንጸባርቃል። የሙሽራው ግንባር ላብ በላብ ነው፣ የሚዜዎቹ አፍንጫ ያበራል። በማውስ ይህን ለማጥፋት ምን ታደርጊያለሽ? ኦፓሲቲውን (የብራሹን ጥንካሬ) 10 ላይ አድርገሽ ክሊክ፣ ክሊክ፣ ክሊክ። አንጓሽን የጎዳው እሱ ነው። በፔን ግን ግንባሩ መሃል ላይ ጫን ትያለሽ፣ ወደ ጸጉሩ ስትጠጊ ለቀቅ ታደርጊያለሽ። አለቀ። ቬሎ ደግሞ አለልሽ። ቬሎ ግማሹ ስለሚያሳልፍ ማስኩ (የቱ እንዲታይ፣ የቱ እንዲደበቅ የምትቀቢበት ሽፋን) ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ተቀዶ የተለጠፈ ይመስላል። ቀለል አድርገሽ በፔን ስታልፊበት ከኋላው ያለው ሐይቅ በስሱ ይታያል። ከጀርባ ፀሐይ ያረፈበት ከርዳዳ ጸጉርም እንዲሁ ነው።

የአያቶች ፊት ላይ ልዩነቱ ከሁሉም በላይ ይታያል። በማውስ የተሠሩ አያት የልጅ ልጃቸውን መስለው ቁጭ ይላሉ። አንድ ጊዜ ቤተሰቡ አልበሙን ይዞ መጥቶ «እማዬን ምን አደረጋችኋት?» ብሎናል። ያንን ፎቶ የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ይመዝገብልኝ። አሁን ሽብሽቡን ሳላጠፋ ጥላውን ብቻ አቀለዋለሁ። ሴትየዋ ሴትየዋን ይመስላሉ።

3. ፔኑ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ።

የአሁኖቹ ፔኖች አብዛኞቹ ባትሪ የላቸውም። ታብሌቱ ራሱ በኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ኃይል ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ያሉበትን ቦታና የጫንሽበትን ኃይል ይመልሱለታል። ስለዚህ ፔኑ ለዚያ ታብሌት የተሠራ መሆን አለበት። የሁዮን ፔን ኢንቱዎስ ላይ አይሠራም። የአንድ ድርጅት ሁለት ሞዴሎች እንኳ ላይግባቡ ይችላሉ። ሲታዩ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ጥቁር ፔን፣ ሁለት ቁልፍ፣ በቃ።

እኔ ስገዛ ሐዋሳ ላይ ስላጣሁ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሳጥኑ ተከፍቷል። «ለማሳያ ነው የከፈትነው» አለኝ። ላፕቶፔን አውጥቼ ልሰካው ስል «እዚህ አይሞከርም፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» አለ። ሱቁ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ደረሰኝ ስለው «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ብሩን በሞባይል ወደ አካውንቱ ላክሁለትና 275 ኪሎ ሜትሩን ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። የታብሌቱ መብራት በራ፣ ድራይቨሩም (ኮምፒውተሩንና ታብሌቱን የሚያገናኘው ፕሮግራም) አወቀው። ፔኑ ግን ድርቅ። ጠቋሚው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ድራይቨር ስጭን ሳጠፋ ነጋ። ጠዋት ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ አጠቃቀሙን ስላላወቅከው ነው፣ ዩቲዩብ ላይ እየው» አለኝ። እኔን! ግማሹ የከተማው ሙሽራ በእጄ ያለፈውን ሰውዬ! ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ።

ተመልሼ ሄድኩ። ሲያየኝ ደነገጠ፣ ከሐዋሳ ድረስ ይመጣል ብሎ አላሰበም። «ያንተ ኮምፒውተር ነው ችግሩ» ማለት ጀመረ። እግዜር ይስጠውና አጠገቡ ያለው ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ያንኑ ሞዴል ይዞ መጣ። የሱን ፔን የኔ ታብሌት ላይ አስጠጋው፣ ጠቋሚው ሄደ። የኔን ፔን የሱ ታብሌት ላይ አስጠጋው፣ ዝም። ጎን ለጎን ስናያቸው ቁልፋቸው ራሱ ይለያያል። ሰውየው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፔኑ ለብቻው ነው የሚሸጠው።» ሳጥኑ ላይ ፔኑ ተሥሎ እያየነው!

የላክሁበትን የባንክ መልእክት አሳየሁት። ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ደንበኛ ሲገባ ይበልጥ ከፍ አደረግኩ። በመጨረሻ ትክክለኛው ፔን ከጓዳ «ተገኘ»። ይቅርታ አላለኝም። ሲሠራ አይቶ «አየህ፣ ይሠራል እኮ!» ነው ያለኝ። የትራንስፖርትና የአልጋ ብሬን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ስለዚህ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። የምትፈልጊውን ሞዴል ድራይቨር ቀድመሽ ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፣ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት የለም ይሉሻል። ባትሪ ሞልተሽ ሂጂ፣ ሶኬት የለም ይሉሻል። ሰክተሽ መስመር ሳቢበት፤ ቀስ ስትዪ ቀጭን፣ ጫን ስትዪ ወፍራም መሆን አለበት። ሁለቱንም የጎን ቁልፎች ሞክሪ። ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ነካ ነካ አድርጊው፣ ላላ ብሎ የሚቆራርጥ ከሆነ ተዪው። የፔኑ ትርፍ ጫፎች ሳጥኑ ውስጥ መኖራቸውን እዪ። አይሞከርም ካሉሽ ሻንጣሽን አንሥተሽ ውጪ። ደረሰኝም ይጨምራል ቢሉሽ ጨምረሽ ተቀበዪ። ዋጋውን ግን እኔን አትጠይቂኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ከተተመነ ወዲህ እዚህ ግሩፕ ላይ ያሉት የድሮ ዋጋዎች ለታሪክ ካልሆነ አይጠቅሙም።

4. ገዝተሽ ስትመጪ የሚያናድዱሽ ነገሮች አሉ። በፊት ሌላ ታብሌት የተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ የድሮውን ድራይቨር አጥፍተሽ፣ ሪስታርት አድርገሽ ነው አዲሱን የምትጭኚው። ሁለቱ አብረው ካሉ ይጣላሉ። ፔኑን ያዝ ስታደርጊ ክብ ነገር እየወጣ ራይት ክሊክ ከሆነብሽ የዊንዶውስ ሥራ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፔን ኤንድ ታች» የሚለው ጋ ገብተሽ ያዝ አድርጎ ራይት ክሊክ የሚያደርገውን አጥፊው። ድራይቨሩ ላይ «ዊንዶውስ ኢንክ» የሚል ምልክት ታያለሽ፣ የዊንዶውስ የራሱ የፔን አሠራር ነው። ዩቲዩብ ላይ አጥፉት የሚሉ አሉ። ዝም ብለሽ ካጠፋሽው ፎቶሾፕ ውስጥ ግፊቱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሰዎች «የኔ ግፊት አይሠራም» እያሉ ዕቃውን በርካሽ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። (እንዲህ የሚል ሰው ካገኘሽ ግዢው፣ ሞክረሽ ግን።)

ፎቶሾፕ ላይ ብራሽ ስትመርጪ ከላይ ሁለት የግፊት ምልክቶች አሉ። ኦፓሲቲ አጠገብ ያለውን አብሪው። በስተቀኝ ያለው መጠን የሚቀይረው ነው፣ እሱን አጥፊው። እሱ ለሰዓሊ ነው። ለሬታች የብራሹ መጠን ባለበት ይሁን፣ የሚቀያየረው ጥንካሬው ብቻ ይሁን። መጠኑን ራስሽ ትቀይሪዋለሽ፤ አንዱን የፔን ቁልፍ ራይት ክሊክ አድርጊው፣ በግራ እጅሽ አልትን፣ በቀኝሽ ያንን ቁልፍ ይዘሽ ፔኑን ወደ ጎን ስትስቢ ብራሹ ይተልቃል፣ ያንሳል። ሌላውን ቁልፍ አልት ካደረግሽው ክሎን ስታምፕ (ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚቀባው) ስትጠቀሚ ምንጩን በፔኑ ብቻ ትወስጃለሽ።

ሌላው ድራይቨሩ ላይ የስክሪኑንና የታብሌቱን ምጥጥን እኩል የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብሪው። አለዚያ እጅሽ ክብ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ሞላላ ይወጣል። ሁለት ሞኒተር ካላችሁ ታብሌቱን ለአንዱ ብቻ ስጪው።

መቼ ልጀምር ካልሽ በጥር አትጀምሪ። የጥምቀት ማግስት ሰርግ ተደራርቦ እያለ አዲስ ዕቃ መማር ራስን መቅጣት ነው። እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የጀመርኩት። ሐዋሳ ስለሆነ የፕሮቴስታንት ሰርግ በጾም አይቆምም፣ ቢሆንም ሥራው ቀለል ይላል። መጀመሪያ ላይ እጅሽ አንድ ቦታ፣ ዓይንሽ ሌላ ቦታ ስለሆነ ትበሳጫለሽ። ያኔ ድራይቨሩ ላይ «ማውስ ሞድ» የሚለውን እንዳትነኪው። እሱ ፔኑን እንደ ማውስ እየገፋሽ እንድትሄጂ ያደርግሻል፣ ምቾት አለው፣ ግን በዚያው ትቀሪያለሽ። ፔን ሞድ ላይ የታብሌቱ ጥግ የስክሪኑ ጥግ ነው። እጅሽ ቦታውን ይለምደዋል። እጅሽን አትዪ፣ ስክሪኑን እዪ። ፔኑንም ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ነው የምታንቀሳቅሺው፣ እየፋቅሽ አይደለም።

እስክትለምጂ ይስቁብሻል። የኛ ስቱዲዮ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «አሁን ደግሞ ሰዓሊ ልትሆን ነው?» ይሉኝ ነበር። ሦስት ሰዓት የሚፈጅብኝ ሥራ አራት ሲፈጅብኝ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ወደኔ ጠረጴዛ አምጥተው «እኛ በፔን ነው የምንሠራው» ይላሉ። የአልበም ዋጋም ጨምረዋል። የኔ ደሞዝ እዚያው ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

አንጓሽን በተመለከተ እኔን ረድቶኛል። ፔን ስትይዢ እጅሽ በጎኑ ስለሚያርፍ እንደ ማውስ ተገልብጦ አይውልም፣ ክሊኩም ይቀንሳል። ግን ፔኑን አንቀሽ ከያዝሽው ሕመሙ ወደ አውራ ጣት ይዞራል። ድራይቨሩ ላይ ግፊቱን ለስለስ አድርጊው፣ ሳትጫኚ እንዲጽፍልሽ። ሌሊት የሚደነዝዝሽ ከሆነ ግን ታብሌት መፍትሔ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ማውስሽንም አትጣዪው። ፎቶ ስመርጥና አልበም ስደረድር እስካሁን በማውስ ነው። ላይትሩም (የፎቶ መምረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ስላይደር መጎተት በፔን ያበሳጫል፣ ብራሹ ላይ ስደርስ ብቻ ነው ፔኑን የማነሣው። ሁሉን ነገር በፔን ካልሠራሁ ብለው የሚታገሉ አሉ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የፔኑ ጫፍ ይበላል። ወደ አንድ ጎን ሹል ሲሆን ታብሌቱን ሳይቧጥጥ ቀይሪው፣ መንቀያው ከሳጥኑ ጋር ይመጣል። ፔኑን ቦርሳ ውስጥ ብቻውን አትጣዪው። ትርፍ ፔን ብትፈልጊ የታብሌትሽን ሞዴል ጽፈሽ ያዢ፣ «ይሄው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ቢሉሽ አትመኚ።

ከመግዛትሽ በፊት መሞከር ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝና ስቱዲዮ ብቅ በይ። የራስሽን ፎቶ ይዘሽ ነዪ፣ የቬሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይሻላል፣ ከሐሙስ በኋላ ሰርግ ነው፣ ጋሼም ፊታቸው አይፈታም።