ዝናብ ላይ ሁለት ሰው በሞተር ይሄዳል ወይ?

በቅርቡ የእንስሳት ጤና ትምህርቱን ጨርሶ ወረዳ የተመደበ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ዝናብ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ሞተር ይሄዳል እንዴ?» አለኝ። «አይሆንም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሱ ልክ ነው። በሙያው በቆየሁበት ዘመን ሞተር ስንቱን ባለሙያ ከአልጋ እንዳዋለ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሞተር ነው፤ የቀሰቀሰብኝ የ1980 ዓ.ም. ነሐሴን ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ሄልሜት አጥልቁ፣ ጠጥታችሁ አትንዱ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ። እሱን እናቶቻችሁም ይነግሯችኋል።

ያኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። ዛሬ ቢሾፍቱ ከምትሉት ከደብረ ዘይት ተመርቄ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የሁላችንም ጠላት «ደስታ» ይባል ነበር። የዛሬ ልጅ ስሙን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ደስታ የከብት ወረርሽኝ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ያራቆተው ክፉ ቀን የጀመረው እሱ በሬውን ጠራርጎ ገበሬውን ባዶ እጁን ሲያስቀረው ነው። የሥራ ባልደረባዬ የነበረው ጓደኛዬ ግራ ቀኙን ገልመጥ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንግሥት እኮ እኔና አንተን የቀጠረን ደስታን ከአገር እንድናጠፋ ነው» ይለኝ ነበር። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ቀልድ መገልመጥ ያስፈልግ ነበር።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ከአዴት ወዲያ ካለ ቀበሌ ወሬ መጣ። ከብቱ ለሐጩን ያዝረበርባል፣ አፉ ቆስሏል፣ አልግጥም ብሏል። ደስታ ገባ ተባለ። አለቃችን እኔንና ጓደኛዬን ላኩን። የነበረችን አንዲት ያማሃ ዲቲ ናት። መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ስለሆነ እሱ ይነዳል፤ እኔ የናሙና ሣጥኑን በእሱ ጀርባና በእኔ ሆድ መሐል አጣብቄ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከካፖርታችን ሥር ጋዜጣ ጠቅጥቀናል። ለደረት እንደ «አዲስ ዘመን» የሚሞቅ አልነበረም።

በክረምት ጥቁር አፈር ላይ ሞተር ያልነዳ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል እየተጠቀጠቀ ይገባና ጎማውን አላዞር ይለዋል። እንወርዳለን፣ በእንጨት እንቆረቁራለን፣ እንገፋለን፣ እንወጣለን። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ እንወርዳለን። ካንዴላው ውኃ ገብቶት ሁለቴ ጠፋብን። ሁለቴም ጓደኛዬ ነቅሎ፣ ብቸኛ ደረቅ ጨርቃችን በሆነው በመሐረቡ አድርቆ መለሰው። እኔ እበሳጫለሁ፤ እሱ ያፏጫል።

ስንደርስ ከብቶቹን አጥር ሥር ሰብስበው ጠበቁን። ሴቶቹ ሰው የሞተ ይመስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጓደኛዬ የላሞቹን አካሄድ ትንሽ ቆሞ አየና አንዷን አስያዘ፤ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ሰኮናዋን አጠበ። ከሰኮናዋ ስንጥቅ መሐል ቁስል አለ። ቀና ብሎ አየኝ። ደስታ እግር አያቆስልም። አፍተግር ነበር። አፍተግርም ቢሆን ወተት ያደርቃል፣ በሬ ከእርሻ ያውላል፤ ነገር ግን እንደ ደስታ በረት አያዘጋም። ባለከብቱ ሽማግሌ «አያልቁም?» አሉ። «አያልቁም አባቴ» አላቸው። ሰውየው እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቁጭ አሉ። ከዚያ አንዳንድ መለኪያ አረቄ አጠጡን። ቅድም ምን እንዳልኩ አልረሳሁትም።

ባሕር ዳር ስንመለስ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። ሞተሯን መጋዘን አስረክበን ወደየቤታችን መግባት ነበረብን። የጢስ ዓባይ መታጠፊያ ላይ ጓደኛዬ አቆመ። ዞሮም አላየኝም። «ዓባይ ግጥም ብሎ ሞልቷል ይላሉ» አለ። «ንዳው!» አልኩት።

«ንዳው» ያልኩት እኔ ነኝ።

መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝናቡ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ጠብታው ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ጠጠር ነው። በየኩርባው እየፈራሁ ሞተሯ ወደምታዘነብልበት ተቃራኒ እጋደል ነበር። «አብረኸኝ አዘንብል! እንደ ጆንያ ሁን!» ብሎ ጮኸብኝ። ጆንያ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ። እሱ ይዘፍናል፤ ግጥሙን ነፋሱ ስለሚወስደው እኔ ጋ የሚደርሰኝ ዜማው ብቻ ነው። አንድ እረኛ ገሳ የሚሉትን የሣር ልብስ እንደለበሰ በዱላው ሰላምታ ሰጠን። ለምን እሱን እንዳልረሳሁት አላውቅም።

ሞተሯን መንደሩ ውስጥ አቁመን የፖርቹጋሎች ድልድይ የሚባለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከዚያ ፏፏቴውን አየነው። ቁመቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል፤ ክረምት ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ወርዱ 400 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ከላይ ዝናብ፣ ከታች ጢሱ። የቱ እንዳበሰበሰን መለየት አይቻልም፤ ከዚያ በላይ መርጠብም አይቻልም። ጓደኛዬ ካፖርቱን ሲከፍተው ጋዜጣው ሟሙቶ የለም፤ ፊደሉ ነጭ ካናቴራው ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ደረቱን እያነበብኩ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንደዚያ የሳቅሁበትን ሌላ ቀን ባስብ አላገኝም።

ከወር በኋላ ቁጥጥር መጣ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነው። የሞተሯ ቆጣሪ ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም፤ 60 ኪሎ ሜትር ትርፍ አለ። በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ሞተሯን የነዳው እሱ ነው፣ ወደ ጢስ ዓባይ የታጠፈው እሱ ነው፣ የሥራ ትእዛዝ አልነበረም ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ቅጹ ላይ «አብሮ የተጓዘ» የሚል ቦታ ነበረው። እዚያ ላይ ሰረዝ አደረግሁበት።

እሱ የወር ደመወዙን ተቀጣ፤ ቁልፉን ተቀማ፤ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ዕድል ሲመጣ ከሁለታችን ማን እንደሄደ ገምቱ። ወደ ተዛወረበት ወረዳ ሲሄድ መናኸሪያ ሸኘሁት። ሰረዟን ማየቱን አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አንብበውለታልና። «ጋዜጣ ጠቅጥቅ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ብሎኝ ተሳፈረ።

በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከምድረ ገጽ ጠፋ ተብሎ በዓለም ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ያን ሰሞን ስልኬ ጠራ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ነበር። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘ አልነገረኝም። «ይኸው አጠፋነዋ ደስታን!» ብሎ ሳቀ። ያቺ ሰዓት ተሰጥታኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ልጆች፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራሁ። «ጢስ ዓባይ ዳግመኛ ሄደሃል?» አለኝ። «አልሄድኩም» አልኩት። «አትሂድ፤ ውኃው ለመብራት ከተወሰደ ወዲህ ያ አይደለም» አለኝ። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለም፤ እኔም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ። የመንግሥት ሞተር ለሥራ ነው፤ ለሽርሽር አትውሰዱ። ይህን ስል ለዚያች 60 ኪሎ ሜትር ቅንጣት እንደማይቆጨኝ ደግሞ አልደብቃችሁም። ኩፖኑን ዛሬ ክፈል ብባል በእጥፍ እከፍላለሁ። የሚቆጨኝ ሰረዟ ናት። እናንተ ደግሞ ሌላ ጉድ አላችሁ። ዝናብ ሲጥል ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ራሳችሁ ትበሰብሳላችሁ፤ ሲያባራ አውጥታችሁ ጓደኛችሁን ሳይሆን ራሳችሁን ትቀርጻላችሁ። ምናልባት እኔም ስልክ ቢኖረኝ ያን ካናቴራ ቀርጬው ነበር። እንኳን አልኖረኝ ልበል አልበል አላውቅም።

ለልጁ ትናንት መልሼ ደወልኩለት። «ይሄዳል» አልኩት። «ያለ ችግር?» አለኝ። ቶሎ የሚነዳ እንደሆነ አላውቅምና የማውቀውን ነገርኩት። ከደረቅ ቀናት በኋላ የጣለው የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱን ያንሸራትታል፤ ትንሽ ጠብቁ። ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን አትያዙ፤ ማርሽ ቀንሱ። ከኋላ የሚቀመጠው ኩርባ ላይ ከነጂው ጋር ያዘንብል፤ እሱ ፈርቶ ወደ ሌላ ጎን ከተጋደለ ነጂውን ይጥለዋል። ሣጥኑንም እሱ ይያዝ።

«ከኋላ የምቀመጠው እኮ እኔ ነኝ ጋሼ» አለኝ።